ቆጣሪው ጠረጴዛዬ ላይ በነበረበት ቀን

መኪናው ነጭ ነበር። ነጭ ስል የሚኒባስ ነጭ ማለቴ አይደለም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዕንቁ የሚመስል፣ ጥላ ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት አናት ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ። በሩ ሲዘጋ አይንኳኳም። መጀመሪያ አየሩ ጆሮ ላይ ይታመቃል፣ ቀጥሎ አንድ ድፍን ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ የአራዳ ጫጫታ በሙሉ መስታወቱ ማዶ ይቀራል። ጃፓን ሠራሽ ነው፤ ከቅንጦት መኪናዎቻቸው የመጀመሪያው የሚባለው፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጠኝ። ጎንደር ውስጥ የእሱን ዓይነት ሌላ አላየሁም።

ባለቤቱን ጋሼ እላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም አንድ ነገር አተኩረው ሲያዩ ግራ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። መኪናውን የገዙት አዲስ አበባ ይኖር ከነበረ የውጭ አገር ሰው ነው። ሰውየው ከመኪናው ጋር አንድ ደብተር አስረከባቸው፤ ደብተሩ ሲያልቅ እሳቸው በሌላ ቀጠሉ። ዓምዱ ሦስት ነው፤ ቀን፣ ቆጣሪው ያሳየው ኪሎ ሜትር፣ የሄዱበት ምክንያት። እኔም ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚበዛው አንድ ቃል ነው፤ ሠርግ።

በሰፈሩ ሙሽራ የሚሄደው በዚያ መኪና ነው። ጥር ሲገባ፣ ከፋሲካም በኋላ፣ ሽማግሌ ይላክባቸዋል፤ አይከለክሉም። መሪውን ግን ለማንም አይሰጡም፤ ክራቫታቸውን አስረው ራሳቸው ይነዳሉ። ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት የራሳቸው የሆነች ሥርዓት አለቻቸው። ሞተሩን ያስነሡና ጠጅ የሞላ ብርሌ አስመጥተው ኮፋኖው ላይ ያቆማሉ። ሚዜዎቹ ይከባሉ።

"ተነሥቷል!"

"አልተነሣም! ጠጁን እየው እንጂ፣ ንቅንቅ አላለም።"

አንዱ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ጭስ ማውጫው ላይ ያደርጋል። "ኧረ ይተነፍሳል!" ብሎ ሲጮህ ሁሉም ይስቃል፤ ጋሼም ብርሌውን አንሥተው ለሙሽራው ይሰጡታል።

ለሐዘን ግን አይወጣም። በሽተኛም አይጫንበትም። ሬሳ የወጣበት መኪና ሙሽራ አይገባበትም ይባላል፣ ሰፈሩም ይህን ያውቃል። አንዲት ጎረቤት እናታቸውን ከሆስፒታል ሊያወጡበት ለምነው እምቢ ሲሏቸው እንኳ አልተቀየሙም። የማይቀየሙበት ምክንያት ነበራቸው። ጋሼ የገዛ ሚስታቸውንም አልጫኑበትም። ሴትዮዋ በመጨረሻው ሕመማቸው፣ "በእሱ እንዳታወጡኝ፤ ልጄ ትዳርበት" ብለው ነበር አሉ። ለቀብር የወጡት በተለመነ ፒክአፕ ነው፤ ነጩ መኪና ግቢ ውስጥ ሸራውን ለብሶ ቆሞ ሳለ። ልጅቷ ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች።

እኔ የመጣሁት ከዳባት ወዲያ፣ አስፋልቱ ከቀረ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሚኬድበት ገጠር ነው። አሥራ ሁለተኛን አላለፍኩም። የመኪና ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተማርኩት በስልኬ ካወረድኩት የጥገና መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛ ነው፣ ገጹ ከሺህ ያልፋል። የማላውቀውን ቃል በጎን እየጻፍኩ፣ የሽቦዎቹን ሥዕል በጣቴ እየተከተልኩ፣ አንዱን ገጽ አንዳንዴ በሳምንት እጨርሰዋለሁ። በዚህ ምክንያት ጋራዡ ውስጥ ስሜ "ማኑዋል" ሆነ።

"ማኑዋል! ዛሬ ስንት ገጽ ላይ ደረስክ?" ይለኛል የጋራዡ ባለቤት ከመኪና ሥር ተኝቶ። "ይቺን የዛገች ብሎን የምትፈታ ጸሎት አለችበት ወይ መጽሐፍህ?"

ብዙ አላወራም። ጋሼ መኪናቸውን ለእኔ መስጠት የጀመሩትም ባለማውራቴ ይመስለኛል።

የመኪናውን ታሪክ የነገርኳቸው ግን እኔ ነኝ፤ ከመጽሐፉ ሌላ ያገኘሁትን ሁሉ ስለማነብ። ፋብሪካው እኛ በሌላ ስም የምናውቀው ነው፤ ሚኒባሶቻችንንና የገጠር ፒክአፖቻችንን የሚሠራው። አንድ ጊዜ፣ በዓለም ምርጥ ከሚባሉት ጋር የሚስተካከል አንድ መኪና እንሥራ ብለው ተነሡ። ዓመታት በምሥጢር ሠሩ፤ አዲስ ስምም አወጡለት። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ የድምፁ ነገር ነው። ሌላው ጩኸትን በስፖንጅና በምንጣፍ ይሸፍናል፤ እነዚህ ግን እያንዳንዱ ጩኸት ከየት እንደሚነሣ እየፈለጉ ከምንጩ ለማጥፋት ደከሙ።

ጋሼ የወደዱት ሌላውን ነው። መኪናው ለገበያ በወጣ ሰሞን ጉድለት ተገኘበት። ፋብሪካው አላስተባበለም። ሰዎቹን ወደየባለቤቱ ቤት ልኮ መኪናዎቹን ከየደጁ አስወሰደ፣ አስጠገነ፣ አሳጠበ፣ ነዳጅ አስሞልቶ መለሰ። ይህን ስነግራቸው ግራ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሰሙኝ።

"ሳይከሰሱ አመኑ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ፣ ብርሌው ኮፋኖ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ይህን ታሪክ ያወራሉ። መጨረሻው አንድ ነው፤ "ሳይከሰሱ ያመኑ ሰዎች ሥራ ነው።"

የልጅቷ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ላለው እሑድ ተቆረጠ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የምታገባውም እዚያው የሚሠራ ልጅ ነው። ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጋሼ መኪናውን ይዘው መጡ። ቆጣሪው ጨልሞ ነበር። የፍጥነቱም፣ የሙቀቱም፣ የቤንዚኑም መርፌ መብራት አጥቶ ጥቁር መስታወት ብቻ ቀርቷል። ከእርጅና የሚመጣ ነው። ፈትቼ አውጥቼ፣ ውስጡ ያረጁትን ጥቃቅን ዕቃዎች አንድ በአንድ ነቅዬ፣ ከተጣለ ሬዲዮ ባገኘኋቸው መተካት አለብኝ። ጊዜ ይፈልጋል። ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት ባትሪ አብርተው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በደብተራቸው ጻፉ።

በማግስቱ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። ቆጣሪው ጠረጴዛዬ ላይ ተበታትኖ አየችው።

"ይሄ ነገር ተመልሶ መኪና ይሆናል?"

"ይሆናል።"

"ይደርሳል?"

"ይደርሳል።"

"ካልደረሰ እኔ በባጃጅ ነው የምሄደው። አባዬ ደግሞ ብርሌውን ይዞ ከኋላ በእግሩ ይከተላል።" ሳቀች። ከዚያ በመስታወቱ የኋላውን ወንበር አየችና ሳቋን ተወች። "እናቴ የምትቀመጠው እዚያ ነበር፣ በቀኝ በኩል" አለች።

ጥምቀት ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ አጎቴ ደወለ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኔ አያ እለዋለሁ።

"አባትህ ትንፋሽ አጠረው" አለኝ። "የጤና ጣቢያው ልጅ ጎንደር ውሰዱት አለ። በቃሬዛ አስፋልት አውጥተነዋል። ማኪና የለም። መንገዱ ያስፈራል ብለው፣ ሦስት ቀን ሆነ ማኪና ካለፈ።"

"አምቡላንሱስ አያ?"

"ቆሟል። ነዳጅ የለውም አሉ። ምነው አንተ ማኪና ስትሠራ አይደል የምትውለው?"

የጋራዡ ባለቤት ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ግቢው ውስጥ የቆሙት መኪናዎች አራት ናቸው። አንዱ ሞተር የለውም፣ አንዱ ጎማ የለውም፣ አንዱ ማርሹ ወርዶ መሬት ላይ ነው። አራተኛው የጋሼ ነው። ስልኬን አውጥቼ የጋሼን ቁጥር አየሁት። የሚሉኝን አውቃለሁ። እምቢ ቢሉኝ ደግሞ መሄድ አልችልም። ስልኩን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ቆጣሪው ሳይኖር መኪናው ይሄዳል። ዲናሞው ባትሪውን እንዲሞላ ብቻ አንድ ትንሽ አምፖል በሁለት ሽቦ ከሶኬቱ ጋር ማገናኘት ያስፈልግ ነበር፤ ሥዕሉ በመጽሐፉ አለ። ያን ሳደርግ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። እነዚያን ሃያ ደቂቃዎች ደጋግሜ አስባቸዋለሁ።

በመሪው ፊት ለፊት ቆጣሪው የነበረበት ባዶ ጉድጓድ ነበር፤ ሽቦዎች ተንጠልጥለውበታል። ፍጥነቴን አላውቅም። ቤንዚኑ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ታንኩ ውስጥ እንጨት ሰድጄ ለክቼው ነው የወጣሁት። ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን አለፍኩ። መንገዱ ባዶ ነው። ገብሱ ታጭዷል፤ ማሳው ገለባ ብቻ ነው፣ ነፋሱም ቀዝቃዛ ነበር መሰለኝ፣ መኪናው ውስጥ ግን አይሰማም። ኬላዎቹ ላይ ወታደሮቹ መኪናውን አይተው ሳይጠይቁኝ አሳለፉኝ።

ከዳባት ወዲያ አባቴን አስፋልቱ ዳር፣ በአንድ አጥር ጥግ፣ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። የተሸከሙት ስምንት ሰዎችና ተከትለው የመጡት ሴቶች አጠገቡ ቁጭ ብለዋል። ጋቢው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነክቶታል። የጋሼ ቆዳ ወንበር ትዝ አለኝ፤ እዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት። ጋቢውን ገልብጬ፣ ንጹሑን ወደ ውጭ አድርጌ ነው ያስገባሁት። አጎቴ አይቶኛል።

በቀኝ በኩል አስቀመጥነው። አጎቴ መሐል ሆኖ ደገፈው። በሩን ስዘጋ አየሩ ታመቀ፣ ያ ድፍን ድምፅ ተሰማ፣ የሰዎቹ ምርቃትና የሴቶቹ ልቅሶ ውጭ ቀረ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

"ምነው አይነሣም?" አለ።

"ተነሥቷል አባባ። እየሄድን ነው።"

"አይጮኽም እኮ።"

አጎቴ ሳቀ። "ዛፉን እየው እንጂ። ዛፉ ነው ወይ የሚሄደው?"

አባቴ በመስታወቱ አየ። በጣቱ የበሩን ቆዳ ዳሰስ ዳሰስ አደረገ፤ በሬ ሲገዛ የሚዳስሰው እንደዚያ ነው። "ሸጋ ነው" አለ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅን። "የማን ነው?"

"የአንድ ትልቅ ሰው ነው።"

"ፈቀደልህ?"

"አዎ" አልኩ።

"እግዜር ይስጠው። ልጅ ይውጣለት።"

ለአባቴ የነገርኩት የመጨረሻው ነገር ውሸት ነው። እሱ የተናገረው የመጨረሻው ነገር ደግሞ ለማያውቀው ሰው ምርቃት ነው። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

በሌላ መኪና ቢሆን አልሰማም ነበር። በሚኒባስ ቢሆን ሞተሩ፣ የወንበሩ ብረት፣ የላላው መስኮት ይሸፍነው ነበር። እዚህ ግን ያ ሁሉ ጩኸት ከምንጩ ጠፍቷል፤ የቀረው የአባቴ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሲገባ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ሲወጣ ያጥራል። የሚነግረኝ መርፌ ስላልነበረኝ መንገዱን የለካሁት በእሱ ነበር። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ በመሐሉ ያለው ዝምታ ረዘመ። ኮሶዬ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አንዱ ትንፋሽ ወጣ። የሚቀጥለውን ጠበቅሁ። አጎቴም እየጠበቀ እንደሆነ በመስታወት አየሁት። ገደሉ በግራችን ነበር፣ ሰማዩ ንጹሕ ነበር፣ መኪናው እንደቆመ ያህል ጸጥ ብሎ ይሄድ ነበር።

"አቁም" አለ አጎቴ።

አላቆምኩም። "ሆስፒታል እንድረስ አያ። ይዩት።"

"ምኑን ያዩታል?" ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገለት። "መልሰው። ሞቶ ከተማ ምን ያደርጋል።"

መልሼ አዞርኩት። ዳገቱን ስንወጣ አጎቴ እንዳያለቅስ ጥርሱን ነክሶ ወንድሙን በትከሻው ደግፎ ይዞት ነበር፤ ኬላ ላይ፣ "ምን ሆነው ነው?" ሲሉን "ደክሞት ነው" አላቸው። ቃሬዛው ከአጥሩ ጋር እንደተደገፈ ጠበቀን።

መኪናውን እዚያው መንገድ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ ጠዋት አባቴን ቀበርን። ሠልስቱን አልቆየሁም። ከመቃብር ስንመለስ ሰው ሁሉ እያየኝ ተነሣሁ፤ ለምን እንደምሄድ ያወቀው አጎቴ ብቻ ነው። "ሂድ፤ የሰው ማኪና ነው" አለኝ። የአባቴን ድንኳን በመጀመሪያው ቀን ጥዬ የወጣሁት መኪና ለመመለስ ነው።

ጋራዡ ባዶ ነበር። ቆጣሪው ጠረጴዛዬ ላይ እንደተውኩት አለ። ጠግኜ መልሼ ስገጥመው መብራቱ ወለል አለ፤ መርፌዎቹም ተነሡ፤ ኪሎ ሜትሩ ጋሼ የጻፉትን ቁጥር አሳየ። አንድም አልጨመረም። ዳባት ሁለት ጊዜ የደረሰው መኪና ከጋራዡ ያልወጣ መሰለ። ይህን የሚያውቅ ጎንደር ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ጥምቀት ሲያልፍ መኪናውን ወደ ቀሐ ወንዝ አውርጄ አጠብኩት። ውኃው ቀንሷል፤ የበዓሉ ፕላስቲክ በየድንጋዩ ተሰክቷል። ውስጡን በብሩሽ ጠረግሁ። በቀኙ ወንበር ስፌት ውስጥ አንዲት የገብስ ገለባ አገኘሁ። በወረንጦ አወጣኋት፤ ካወጣኋት በኋላ የት እንደምጥላት አላወቅሁም። ቀጥሎ ቤንዚን ሰልፍ ቆምኩ፤ ግማሽ ቀን ነው የቆምኩት። ታንኩን ሞላሁ። ማድረግ ከሚገባኝ ነገር አንዱ ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢያቸው ይዤው ገባሁ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሴቶቹ ከወዲያ በኩል ሽንኩርት ይከትፋሉ። ጋሼ ወጡ፤ ዳሽቦርዱን አዩ፣ ደብተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቁጥሩን አመሳከሩ፣ ፊታቸው በራ።

"ቤንዚኑን ማን ሞላው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"አጥበህ፣ ሞልተህ! እንደ ጃፓኖቹ አደረግኸው!" ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ከዚያ ጥቁር ሹራቤን አዩ። "ምነው? ምን ሆነሃል?"

"አባቴ ሞተ።"

"ነፍስ ይማር! ውይ ልጄ። መቼ ነው?" እጄን ያዙኝ። "ታዲያ በምን ሄድክ? መንገዱ መኪና የለበትም ሲሉ ሰምቼ..."

ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር። በሌላ መንገድ እጀምራለሁ ብዬ ቃላቱን ሳጠና ነው ያደርኩት።

"በዚህ" አልኩ።

እጄን አልለቀቁም፤ ግን የያዙት መሆኑን የረሱ ይመስለኛል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የስልኩን፣ የአምፖሉን፣ የኮሶዬን፣ የመመለሱን። አሳጥሬ መናገር አልችልበትም። አባቴ እንደመረቃቸውም ነገርኳቸው።

"ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም እኮ" አሉ።

"ቆጣሪው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።"

ደብተሩን ዘጉት። "ለምን ነገርከኝ?" አሉ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። "ባትነግረኝ እኮ... እናቷን ያልጫንኩበትን! እናቷን!"

ያን ጊዜ ልጅቷ ከቤት ወጣች። እጆቿ እንሶስላ ተደርጎባቸው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። መኪናውን አይታ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ በክርኗ የኋላውን በር ለመክፈት መጣች፤ በቀኝ በኩል ያለውን።

"አትግቢ!" አሉ ጋሼ።

"ምነው አባዬ? ልቀመጥበት እንጂ፤ ቀሚሱ ይበቃው እንደሆነ..."

"አልተሠራም።"

ወደ እኔ ዞረች። ዳሽቦርዱ መስታወቱ ውስጥ እንደ ጧፍ ይበራ ነበር። ሞተሩ አልጠፋም፤ እሷ ግን አልሰማችውም።

"አልደረሰልኝም" አልኳት። "ይቅርታ።"

ትክ ብላ አየችኝ። የባጃጁን ቀልድ ትቀልዳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቀለደችም። "ይደርሳል ብለኸኝ ነበር" አለችና የተጠቀለሉ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ገባች።

እሑድ ዕለት አራዳ ላይ ቆሜ አየኋቸው። የተከራየ ጥቁር መኪና ነበር፣ ኮፋኖው ላይ አበባ የተለጠፈ፣ ጡሩምባው የሚጮህ። ጋሼ ከፊት ተቀምጠዋል፤ የሚነዳው ሌላ ነው። ክራቫት አስረዋል። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ያላወቁ ይመስሉ ነበር።

"ማኑዋል የጋሼን መኪና አበላሸው" የሚለው ወሬ ከሠርጉ ቀድሞ ሰፈሩን ዞሮ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ሲመለስ፣ "ምን አደረግኸው? የትኛውን ገጽ ዘለልክ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያመጣልኝ ሰው ቀነሰ። ጋሼ አላስተባበሉም። እኔም እንዲያስተባብሉ አልፈለግሁም፤ እውነቱን ቢናገሩ በዚያ መኪና ሊዳሩ ያሰቡት ሁሉ ያዝናሉ፣ ልጅቷም ታውቀዋለች።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተላከባቸው። "ታሟል" ብለው መለሱ። ሁለተኛም ተላከ፤ "ታሟል" አሉ። የተጠየቁትን ሰጥተው ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ግን የሌላ ሰውንም ልጅ ሙሽራ አድርገው አላስገቡበትም። ለሐዘን እምቢ ሲሉ ያልተቀየማቸው ሰው፣ ለሠርግ እምቢ ሲሉ ተቀየማቸው። መኪናው ሸራውን ለብሶ ክረምቱን ከረመ።

መስከረም ላይ አስጠሩኝ። የሚገዛ ሰው ከባሕር ዳር መጥቷል፤ መኪናውን እንዳሳየው ነው። ከሠርጉ ወዲህ አላወራንም ነበር። ሸራውን አብረን ገፈፍነው፤ እሳቸው በግራ፣ እኔ በቀኝ። ገዢው ወጣት ነው፣ ቸኩሏል፤ ኮፋኖውን አስከፈተ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ "ተነሣ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሳቀም።

"ምን ሲሠራ ነው የኖረው?" አለ።

ጋሼ እኔን አላዩኝም። ደብተሩን ከኪሳቸው አወጡ። "ሁሉም እዚህ ላይ አለ" አሉ። ለእሱ ከመስጠታቸው በፊት ግን ለእኔ ዘረጉልኝ፤ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው።

ጽሑፋቸው የላቦራቶሪ ጽሑፍ ነው፣ ቀጥ ያለ። መኪናውን ጋራዥ ካመጡበት መስመር ቀጥሎ ሁለት መስመር ጨምረዋል። ቀኑ አባቴ የሞተበት ነው። ቁጥሩ በሦስቱም መስመር አንድ ነው። በሦስተኛው ዓምድ፣ በመጀመሪያው መስመር "በሽተኛ፣ ወደ ጎንደር" ይላል። በሁለተኛው "ሬሳ፣ ወደ አገሩ።"

ደብተሩን መለስኩላቸው። ለገዢው ሰጡት። ሳይገልጠው በኋላው ወንበር ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ወረወረው።

መኪናው ከግቢው ሲወጣ አልተሰማም። የግቢው በር ብቻ ሲጥጥ አለ። ጋሼ ሸራውን ማጠፍ ጀመሩ፤ አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው። አራት ጊዜ አጠፍነው። ከሥሩ ያለው መሬት ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ስላልነካው በመኪናው ልክ ደረቅ ነበር፤ ዙሪያው ሣር በቅሏል።

"አባትህ ልጅ ይውጣለት ነው ያሉት?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

ሸራውን ከእጄ ተቀብለው ወደ ቤት ገቡ።